ከመረሬ ጭቃ እስከ ጓሳ ውርጭ፦ ለሰሜን ሸዋ መሬት የትኛው ጫማ ይበጃል?

ደብረ ብርሃን ገበያ ገብተው ጫማ ቢጠይቁ ሻጩ በቅድሚያ የሚነግርዎት «ይሄ ለሁሉም ይሆናል» የሚለውን ነው። ሰሜን ሸዋ ግን ለአንድ ጫማ የሚበዛ አገር ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ፤ የመንዝ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር፤ አቡዬ ሜዳ ደግሞ 4,000 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ አመዳይ ረግጦ የወጣ ሰው ጣርማ በርን በጉም ውስጥ አልፎ፣ ከሰዓት በኋላ ቆላው ቀወት ላይ ከጫማው አሸዋ ሲያራግፍ ይገኛል።

ይህን የምጽፈው በሥራ ምክንያት ብዙ በእግር ለሚሄዱ ነው፤ ለገጠር መምህር፣ ለግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ለጓሳ ጠባቂና ለአስጎብኚ፣ ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ተጓዥም ጭምር። የትኛው ብራንድ ይሻላል የሚለውን አልነካም። ዋናውና አስመስሎ የተሠራው አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን በሚሸጡበት ገበያ የተጻፈበት ስም ብዙ አይነግርም። ሶሉን፣ ስፌቱንና የገዛ እግርዎን ግን ማየት ይቻላል።

በምን እንመዝነው?

ሰው ጫማ ሲመርጥ ላዩን ያያል። ይገልብጡት። የሚያንሸራትተውም የሚይዘውም ታች ያለው ነው።

ሶሉ ላይ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ የጥርሱን ጥልቀት፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት፣ የላስቲኩን ልስላሴ። ጥልቅ ሆኖ የተጠጋጋ ጥርስ ጭቃ ሲሞላበት ልሙጥ ይሆናል፤ ተራርቆ የቆመ ጥርስ ግን እግር በተነሣ ቁጥር ጭቃውን ይተፋዋል። ልስላሴውን በጥፍር ይፈትኑ። የአውራ ጣትዎን ጥፍር ሶሉ ላይ ሲጫኑ ትንሽ ገብቶ ምልክቱ ወዲያው ከጠፋ፣ ያ ላስቲክ እርጥብ ድንጋይ ላይም ይይዛል። እንደ ባልዲ ፕላስቲክ ጥፍርዎን ከመለሰው ለደረቅ መንገድ ብቻ ይሆናል።

ይህ ዛሬ በየገበያው የምናየው ባለጥርስ ሶል ተራራ ላይ በደረሰ ሞት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ስድስት ጣሊያናውያን ተራራ ወጪዎች በአልፕስ ሲያልቁ ለአደጋው ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ ጫማቸው ነበር። ቪታሌ ብራማኒ የተባለው ተራራ ወጪ በ1937 የታንክ ሰንሰለት የመሰለ ጥርስ ያለው የላስቲክ ሶል ይዞ ብቅ አለ። ከዚያ በፊት ተራራ የሚወጣው ከሥሩ ሚስማር በተመታበት የቆዳ ጫማ ነበር።

ሁለተኛው መመዘኛ ውሃ ነው። ሁሉም ሰው «ውሃ ያስገባል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ከገባ በኋላስ በየት ይወጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ወንዝ በሚሻገር ሰው ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ይበረታል። ሙቀትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ደጋ ላይ እግር የሚያንቀጠቅጠው ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱ ነው። ደረቅ እግር በቀጭን ጫማም ውርጭን ይችላል፤ የራሰ እግር ግን በወፍራሙም አይሞቅም።

ቀጥሎ ልኩ። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ የሚመቸው ጫማ አጥቶ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 አሸነፈ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ደገመው። ልኩ ያልሆነ ጫማ ከባዶ እግር ሊብስ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ጫማ ሲሞክሩ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር ሲውል ያብጣል። በክረምት የሚያደርጉትን ካልሲ ይዘው ይሂዱ። ማሰሪያውን አጥብቀው ቁልቁል ደረጃ ይውረዱ፤ ሱቁ በር ላይ ያለው ሁለት ደረጃም ይበቃል። የእግር ጣት ፊቱን ከነካ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በእግር ሲወርዱ ጥፍርዎ ይጠቁራል። በቁጥርና በቁጥር መካከል ያለው ልዩነት 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ለወፍራም ካልሲ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት አያስፈራም።

ክብደትን አትናቁ። እግር ላይ የታሰረ ጭነት ጀርባ ላይ ካለው ተመሳሳይ ጭነት በብዙ እጥፍ ያደክማል። የመጨረሻው መመዘኛ ጥገናና ዋጋ ነው፤ መሐል ሜዳ ከተማ ያለ ጫማ ሰፊ ሊሰፋው የማይችለው ጫማ ሲቀደድ ያበቃለታል።

የሚረገጠው መሬት

መረሬውን ያስቀደምኩት ብዙ ጫማ የሚበላው እሱ ስለሆነ ነው። ሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ፣ ስያደብርና ዙሪያው ያለው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚጨማደድ ሸክላ ነው። በበጋ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ውሃው አልሰርግ ብሎ ላዩ ላይ ይቆማል፤ የእነዋሪ ገበሬ ማሳውን በመደብና በቦይ እየከፈለ የሚያጠነፍፈው ለዚህ ነው። በዚህ መሬት ላይ ማንሸራተቱ ቀላሉ ችግር ነው። ዋናው መጋገሩ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ስስ ጭቃ ያነሣል፣ ሁለተኛው እላዩ ላይ ይለጥፋል፣ ጥቂት እንደሄዱ እግርዎ ወርዱም ክብደቱም እጥፍ ሆኖ ያገኙታል። ሣር ያለው ዳር ዳሩን መሄድ፣ በየጊዜው በዱላ ጫፍ መፋቅ የአገሬው ዘዴ ነው፤ የተሻለ ዘዴ አልተገኘለትም።

ውርጭ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ሌሊት ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መሬቱ ደንድኖ ለመሄድ እንዲያውም ይመቻል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ መርፌ መርፌ ሆኖ ረግቶ አፈሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ችግሩ ሦስት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ፀሐይ ላዩን ብቻ ታቀልጠዋለች፤ ከሥር ገና ደንዳና ነው፤ መሐሉ ላይ ቀጭን ሙልጭልጭ ይፈጠራል። ከዚያ ሰዓት በፊት ዳገቱን መጨረስ ከማንኛውም ሶል ይበልጣል። ፕላስቲክ ሶል በብርድ እንደሚደነድን፣ ላስቲክ ግን ልስላሴውን ይበልጥ እንደሚጠብቅ እዚህ ላይ ያስታውሱ።

ጓሳው ራሱን የቻለ መሬት ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባለው የአገሬው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ የቆየው ይህ የጓሳ ሣር ቁጥቋጥ ቁጥቋጥ ብሎ የሚበቅል ስለሆነ በመካከሉ ያለውን ጉድጓድ ይሸፍናል፤ የፍልፈልና የአይጥ ጉድጓድ ደግሞ ሞልቷል፤ ቀይ ቀበሮዎቹ የሚኖሩትም በእነዚሁ አይጦች ነው። ጠዋት ጤዛው እስከ ጉልበት ያርሳል፤ ቁርጭምጭሚት የሚጠመዘዘውም እዚሁ ነው።

አለቱ ደግሞ አንኮበር ዙሪያ፣ ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ፣ ጥንት የሲራራ ነጋዴ ይመላለስበት በነበረው ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ዝናብ ያገኘውና ሽበት ያወጣው ጥቁር ድንጋይ ጥልቅ ጥርስን አይሰማም፤ የሚሰማው ለስላሳ ላስቲክን ነው። ለጭቃ የሚበጀውና ለድንጋይ የሚበጀው ሶል የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ቆላው፣ ማለትም ቀወትና የጀማ ሸለቆ፣ ሙቀት፣ አሸዋና ወንዝ ነው። የከተማው ኮብልስቶን ሲርስ እንደሚያንሸራትት ሁሉም ያውቀዋል፤ ለእርጥብ አለት የሚበጅ ሶል ለእሱም ይበጃል።

አማራጮቹ

የላስቲክ ቦት። መረሬ ላይ የሚወዳደረው የለም። ጭቃው ቢጋገርበትም ከላዩ አያልፍም፤ ማታ በአንድ ጣሳ ውሃ ይታጠባል። ሲገዙ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበብ ያለውን ይምረጡ። ሰፊ ቦት መረሬ ውስጥ ተጠምቆ ይቀርና እግር ብቻውን ይወጣል። ሲጠመቅ ወደ ላይ አይጎትቱ፤ ተረከዝዎን ወደ ጎን ጠምዘዝ አድርገው አየር ያስገቡለት፣ ይለቃል።

ጉድለቱ ከጭቃው ሲወጡ ይጀምራል። ላቡ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ረጅም መንገድ ላይ ውሃ ሳይገባም ካልሲው ይርሳል። ማሰሪያ ስለሌለው ቁልቁለት ላይ እግር ወደፊት ይንሸራተታል። ጓሳ ላይ በውርጭ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው። ደግሞ ሁሉም ቦት አንድ አይደለም፤ ከእውነተኛ ላስቲክ የተሠራው ሲቀደድ ጎሚስታ ዘንድ እንደ ጎማ ከመነዳሪ ይለጠፍለታል፤ ከፕላስቲክ የተሠራው ግን የጎሚስታውን ማጣበቂያ በደንብ አይዝም። ሲያጥፉት ሳይንኮሻኮሽ የሚታጠፍ፣ ሽታውም እንደ ጎማ የሆነው የተሻለው ነው።

ኮንጎና በረባሶ። ርካሽ ናቸው፣ አይበሰብሱም፣ ውሃ ገብቶ ወዲያው ይወጣል። ጀማን ወይም ሌላ ወንዝ ደጋግሞ የሚሻገር ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም፤ ውድ የተራራ ጫማ ያደረገው ዳር ቆሞ ማሰሪያ ሲፈታ ኮንጎ ያደረገው ማዶ ይደርሳል። በረባሶው ከመኪና ጎማ ስለሚቆረጥ ሶሉ አያልቅም፤ ግን ጎማው አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱን ጨርሶ የተጣለ ስለሆነ እርጥብ ሣር ላይ መተማመኛ አይደለም። ጭቃ ሲገባ ደግሞ ሁለቱም ውስጥ እግር ይሽከረከራል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በደጋው ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው የእግር እብጠት፣ ሕክምናው «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚለው የዝሆኔ ዓይነት፣ የሚከላከሉት ጫማ በማድረግና እግርን ዕለት ዕለት በመታጠብ ነው። ክፍት ጫማ አፈሩን አያግድም። ስለዚህ ለልጆች ለእርሻ ሥራ ሲገዙ የተዘጋ ጫማ ይሁን፤ ኮንጎ ከሆነም ቀዳዳው ያነሰው፣ ማታ በሳሙና መታጠቡ ሳይቀር።

ስኒከር። ቀላል ነው፣ ደረቅ መንገድ ላይ ደስ ይላል፣ ከተማም ያስገባል። በበጋ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው ጠጠር መንገድ ለሚሄድ ሰው በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ትርፉ ክብደት ነው። መረሬ ላይ ግን ሶሉ ወዲያው ይሞላል፤ የጨርቁ ፊት ጤዛ ያስገባል። ከሥር ያለው ስፖንጅ በአንድና በሁለት ዓመት ተደፍጥጦ ልስላሴውን ያጣል፣ ላዩ ግን አዲስ መስሎ ይቆያል፤ የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ይህን ያስብበት።

ከስክስ። የወታደርና የሥራ ቦቱ ቆዳ ጫማ እስካሁን የገጠሩ ሁሉ ፍቅር ነው፣ ፍቅሩም አለምክንያት አይደለም። ሶሉ የተሰፋ ከሆነ ጫማ ሰፊው ፈትቶ ሌላ ይገጥምለታል፤ ቆዳው ሲቀደድ ይጣፋል። ተረከዙ ለብቻው ወጣ ያለ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ እንደ ፍሬን ይይዛል። ድንጋይ ጎኑን አይጎዳውም። በበጋ ውርጭ፣ ከጥሩ ካልሲ ጋር፣ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው።

ክረምት ላይ ፍርዴ ይለወጣል። ቆዳ አንዴ ውሃ ከጠጣ በነሐሴ አየር ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፤ እስኪደርቅ ድረስ ያው ክብደት ነው። አዲስ ሲሆን ደግሞ ተረከዝ ይልጣል፤ ገዝቶ በማግስቱ ረጅም መንገድ መጀመር አይገባም። ቅባት ወይም የጫማ ቀለም አዘውትሮ መቀባት ውሃውን ያዘገየዋል። ሞራ የሚቀቡም አሉ፤ ይሠራል፤ ሞራ የተቀባ ጫማ ግን ውጭ አይደር፣ ውሻ ይወደዋል። ፊቱ ላይ ብረት ያለበትን ለግንባታ ሥራ ይተዉት፤ ብረቱ ብርድ ይስባል፣ መንገድ ላይም ይከብዳል።

ሁለገቡ የተራራ ጫማ። ሻጩ «ለሁሉም» የሚለው በተለይ ይህንን ነው፦ ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚይዝ፣ ባለጥርስ ሶል፣ ቆዳና ጨርቅ የተቀላቀለበት። እውነቱን ለመናገር ይህ ጫማ ከእርጥብ አለት በቀር በብዙው መሬት ላይ አንደኛ አይወጣም። መረሬ ላይ ቦት ይበልጠዋል፣ ወንዝ ላይ ኮንጎ፣ በደረቅ መንገድ ስኒከር፣ በጥገና ከስክስ። በየቦታው ግን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነው፤ በአንድ ቀን አራት ዓይነት መሬት የሚረግጥ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጓሳ ውስጥ ቁርጭምጭሚት ይደግፋል፤ እርጥብ አለት ላይ፣ ላስቲኩ ጥሩ ከሆነ፣ ከሁሉ የተሻለ ይይዛል። ከአንኮበር ወደ ቆላው ሲወርዱ ጣትን ሳይጎዳ ያደርሳል።

እዚህ ውስጥም ሌላ ምርጫ አለ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ገበሩ ውስጥ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን አለው፤ ጎርቴክስ የሚባለው ከእነዚህ የታወቀው ነው። የሽፋኑ ቀዳዳዎች የውሃ ጠብታ የማያስገቡ፣ የላብ እንፋሎት ግን የሚያስወጡ ናቸው። ለጓሳ ጤዛና ለካፊያ ግሩም ነው። ነገር ግን የጫማው ፊት ጨርሶ ሲርስ ወይም ጭቃ ሲለብስ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ከዚያ የከፋው ወንዝ ሲገቡ በአንገቱ በኩል የገባው ውሃ ነው፤ እንዳይገባ የከለከለው ሽፋን እንዳይወጣም ይከለክለዋል፣ ጫማው ቀኑን ሙሉ ጀሪካን ሆኖ ይውላል። ስለዚህ ሥራው ደጋ ላይ ብቻ የሆነ ሰው ባለሽፋኑን ይግዛ። ደጋና ቆላ የሚመላለስ፣ ወንዝ የሚሻገር ሰው ሽፋን የሌለውን ይግዛ፤ ይርሳል፣ ቶሎም ይደርቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

በአጭሩ በሠንጠረዥ

| ጫማ | መረሬ ጭቃ | ውርጭና ጤዛ | እርጥብ አለትና ቁልቁለት | ቆላና ወንዝ | ጥገና | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የላስቲክ ቦት | በጣም ጥሩ | ጤዛ ያግዳል፣ ይቀዘቅዛል | ደካማ | ደካማ | ላስቲኩ ይለጠፋል፣ ፕላስቲኩ አይለጠፍም | ዝቅተኛ |
| ኮንጎ፣ በረባሶ | ደካማ | በጣም ደካማ | ደካማ | በጣም ጥሩ | ብዙም አያስፈልገውም | በጣም ዝቅተኛ |
| ስኒከር | በጣም ደካማ | ደካማ | መካከለኛ | ጥሩ | ይለጠፋል፣ ብዙ አይቆይም | ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ |
| ከስክስ | መካከለኛ | በደረቅ ውርጭ በጣም ጥሩ | ጥሩ | ደካማ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ |
| ሁለገብ፣ ባለሽፋን | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ደካማ | አስቸጋሪ | ከፍተኛ |
| ሁለገብ፣ ሽፋን የሌለው | መካከለኛ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | አስቸጋሪ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |

ለማን የትኛው?

እነዋሪና ጅሩ አካባቢ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ ከሰኔ እስከ መስከረም ቦት፣ ከዚያ በኋላ ተራ ስኒከር ወይም ከስክስ ይበቃዋል። የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ ከአንድ ደኅና ሁለገብ ጫማ አይበልጥም፤ ለዚህ ሰው ሁለገብ ጫማ መግዛት በዓመቱ ግማሽ የማይሠራ ዕቃ መግዛት ነው። ወረዳው ቢሮ ሲገባ የሚቀይረው ጫማ በላስቲክ ይዞ መሄዱ እንግዲህ ያለ ነው።

መንዝ ላይ የሚያስተምር ወይም ጓሳ የሚጠብቅ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። በልጉም ክረምቱም ያገኘዋል፣ በጋው ደግሞ ውርጭ ነው። ገንዘቡ ካለ ባለሽፋን ሁለገብ፤ ከሌለ ከስክስና ቦት ሁለቱን በተራ። ከጫማው በፊት ግን ካልሲውን ያስብ። የጥጥ ካልሲ አንዴ ከራሰ እግር ላይ ይቀዘቅዛል፤ ሱፍ ግን ርሶም ያሞቃል። ባናና በርኖስ ከበጉ ፀጉር ለሚሠራው ለመንዝ ሰው ይህን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ የምነግረው ከአዲስ አበባ በቀጭን ካልሲ ለሚመጣው ነው።

የቅዳሜና እሁድ ተጓዥ በበጋ ወፍ ዋሻን ወይም አንኮበርን ሊያይ ከሆነ ጥርሱ ያላለቀ ስኒከር አድርጎ ዱላ ይያዝ። በዓመት አንዴ ለሚወጣበት ተራራ ውድ ጫማ ገዝቶ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ አያዋጣም፣ ምክንያቱን ከታች አነሣዋለሁ። በክረምት ከሆነ ግን ስኒከሩን ይተው።

የአስጎብኚና ደጋ ቆላ የሚዞር የጤና ባለሙያ ጫማ ሽፋን የሌለው ሁለገብ ነው፤ ቦርሳ ጎን ላይ አንድ ኮንጎ ታስሮበት፣ ለወንዙ። ይህ ጥምረት ከአንድ ባለሽፋን ጫማ ያንሳል በዋጋ፣ ይበልጣል በጥቅም።

አቅሙ አንድ ጫማ ብቻ የሆነ ተማሪ? የተሰፋ ሶል ያለው ከስክስ፣ አሮጌም ቢሆን። ይከብዳል፤ ግን እየተሰፋ ሁለትና ሦስት ክረምት ይሻገራል።

ሰልባጅ ለሚገዙ

ጥሩ የተራራ ጫማ በርካሽ የሚገኘው ሰልባጅ ተራ ነው፣ ወጥመዱም እዚያው ነው። በሶሉና በቆዳው መካከል ያለው ለስላሳ ክፍል በብዙ ጫማ ላይ ከፖሊዩሬቴን ይሠራል፤ ይህ ነገር የአየር እርጥበት በዓመታት ውስጥ ይሰባብረዋል፣ ጫማው አንድ ቀን ባይደረግም። ላዩ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጫማ ተራራ ላይ ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ የሚፈረፈረው በዚህ ነው። አዲሱን ገዝቶ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ የማያዋጣውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ያንን መካከለኛ ክፍል በአውራ ጣት አጥብቀው ይጫኑ፤ ጫማውንም ወደ ላይ እጠፍ አድርገው ይመልከቱ። ቀጫጭን ስንጥቅ ካሳየ፣ ወይም ጣት ላይ ዱቄት ከተወ፣ በነፃም አይውሰዱት።

የተረከዙን ጥርስ ከሁለቱም ጎን ያስተያዩ፤ በአንድ በኩል ያለቀ ከሆነ የሌላ ሰው አረማመድ ይዞ ነው የሚመጣው። ውስጥ የሚነጠፈውን አውጥተው ያሽቱ፤ ሻጋታ ከያዘ ገበሩ በስብሷል። ከማስቲሽ ጋር ስፌት ያለውን በማስቲሽ ብቻ ከተጣበቀው ያስበልጡ።

የገዙትን ደግሞ እሳት ዳር አያድርቁት። ማታ ኩበት ምድጃ ዙሪያ የተደረደረ ጫማ በየቤቱ አለ፤ ማስቲሹ ይለቃል፣ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቀውበት ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ጋዜጣውን ሲርስ ይቀይሩት። ለመንገድ ሲወጡ ደግሞ ሁለት ክንድ ሲባጎ ቦርሳ ውስጥ ይጣሉ፤ ሶሉ ከፊት በኩል ከከፈተ በጥርሶቹ መካከል አሳልፈው ፊቱ ላይ ሁለት ሦስቴ ጠምጥመው ያስሩታል፤ ጫማ ሰፊው ጋ እስኪደርሱ ይይዛል።